የእርቁ ድንጋይ ከየት መጣ?

ላስታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደይ ሙሉሃብት፤

ባለሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ። እኛ ገብሳችንን ሳናጭድ በረዶ ቢያደባየውም ነፍሳችንን አልነካትም፤ ተመስገን ነው። አባትሽ ሙሉሃብት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "የአጎቴ ልጅ ከፋለ ወሬ ሲጀምር ዞሮ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው" እያለ ይተርበኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቶሎ ልግባ።

ስልኩ ከጦርነቱ ወዲህ እኛ ሰፈር አይሠራም፤ ላሊበላ ከተማ ወጥቶ የሚሞክርም እንደ ዕድሉ ነው። ይህን ወረቀት ሚኪ የሚባለው አስጎብኚ፣ የደብራችን ልጅ፣ አዲስ አበባ ሲወርድ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የኔ መልእክተኛ ሆኗል።

የኢያቄምን ነገር ሳትሰሚ አልቀረሽም። ልጄ የዛሬ ሦስት ዓመት በሠርግ ቤት በተነሣ ጠብ የገለቴን ልጅ ደግሰውን በዱላ መታው፤ ደግሰው ከወደቀበት አልተነሣም። የኔው ልጅ ማረሚያ ቤት ገባ። ገለቴ ባሏ የሞተባት፣ ያን አንድ ልጅ ብቻ የነበራት ሴት ናት። የደግሰው አጎቶች ደሙን ሊመልሱ ምለው ነበር፤ እኛም በራችንን ዘግተን ስንት ጊዜ ከረምን። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ቄስ አለሜ መስቀላቸውን ይዘው እየተመላለሱ፣ ባለፈው ሰኔ ደሙ ደረቀ። ኢያቄም ሲፈታ በገለቴ ደጅ አልፎ ቤቱ ይገባል፤ ማንም እጁን አያነሣበትም። ከዚህ ዓለም የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ደሴ ስላደግሽ ደም ማድረቅን አታውቂው ይሆናል። በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በተበዳይ ፊት ይወድቃል። ልጄ እስር ቤት ስለሆነ ተሸካሚው እኔ ሆንኩ። ድንጋዩን ያነሣሁት ከማሳዬ ዳር፣ አያቴ ከካበው ካብ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጠኑ ቀለል የሚለውን መረጥኩ፤ የሽማግሌ አንገት ነው። ገለቴ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከአንገቴ አነሣችው። እኔም አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ድንጋዩ አሁን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት ወይራ ሥር ነው።

ታዲያ ይህ ድንጋይ መልኩ እንግዳ ሆነብን። ላዩ የተጠበሰ የሚመስል ስስ ጠቆር ያለ ቆዳ አለው። በተፈነከተው ጎኑ ሲያዩት ውስጡ ግራጫ ሆኖ ነጭ ነጭ ስባሪ ገብቶበታል፤ ክክ የተበተነበት ሊጥ ይመስላል። ሚኪ ያነሣውን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንቺ ድንጋይ ተምረሽ እንጀራ የወጣልሽ ስለሆንሽ ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ለወሬ ያህል ነው፤ የቸገረን ነገር የለም።

ያባትሽ አምላክ አይለይሽ።

አያ ከፋለ


በርን ከተማ፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ከፋለ፤

እንደምን ከረሙ? እማማስ፣ ከብቱስ፣ ቀዬው እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ፀሐይ ከጠፋች ሰንብታለች እንጂ ሌላ የጎደለብኝ የለም።

ስለ እርቁ ያነበብኩ ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። አንገትዎ ላይ ድንጋይ ተሸክመው በዓይኔ መጡብኝ። ከዚያ ፎቶውን አየሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርቁንም ሁሉንም ረስቼ ድንጋዩን ብቻ ሳይ አመሸሁ።

አያ፣ ይህ ድንጋይ ከጨረቃ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አይሳቁብኝ። በጠፈር የሚበርሩ ዐለቶች ጨረቃን ሲመቷት ከገላዋ የሚፈነጠረው ስባሪ አንዳንዴ እኛ ድረስ ይደርሳል። አየራችን ውስጥ ሲገባ ላዩ ይቀልጥና ያ የተጠበሰ የሚመስለው ቆዳ ይወጣለታል። ነጩም ነገር ጨረቃን ቀና ብለን ስናያት ፈክቶ የሚታየን ክፍሏ የተሠራበት ድንጋይ ይመስላል። እስካሁን የተገኙት አብዛኞቹ ከበረሃና ከበረዶ ምድር ነው፤ ከላስታ ደጋ ተገኘ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በፎቶ ደግሞ አይፈረድም። ከጨረቃ ነው ተብሎ ፎቶው የሚላክልን ስንቱ የብረት አር፣ ስንቱ የወንዝ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል መሰልዎ!

ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉልኝ። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥተው በክር አንጠልጥለው ወደ ድንጋዩ ያስጠጉት። የላስታ ጥቁር ድንጋይ ውስጡ ብረት ስላለው ማግኔቱን ይስባል። የጨረቃው አይስብም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው፣ አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ይላኩልኝ። እዚህ በስሱ ቆርጠን በአጉሊ መነጽር እናያታለን፤ ከዚያም በውስጧ ያለውን ብረትና ማንጋኒዝ እንለካለን። የሁለቱ ድርሻ በጨረቃ ድንጋይና በምድር ድንጋይ ውስጥ አንድ አይደለም። እሱን ያየን ቀን ክርክር አይኖርም።

አልደብቅዎትም፣ ነገሩ ለእኔም ትልቅ ነው። የሥራ ውሌ በሚመጣው ዓመት ያበቃል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለዓለም ያሳወቀን ሰው ግን በቀላሉ አያሰናብቱትም።

እጅዎን እስማለሁ። መልስዎን ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው።

ፀደይ


ላስታ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደይ፤

እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ በገና ሰሞን ደረሰኝ። ብቻዬን ማንበብ ሲገባኝ ኩራት ያዘኝና፣ "የሙሉሃብት ልጅ ከውጭ አገር ጻፈችልኝ" ብዬ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ቄስ አለሜ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ሰጠኋቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። "ከፋለ ጨረቃን ተሸክሞ ነው ለካ አንገቱ የተጣመመው!" አሉ። አንዱማ "ሰማይ አይታረስ ሲባል እንሰማ ነበር፤ ይኸው ከፋለ ሲያርሰው ኖሯል" ብሎ አስለቀሰን። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ገለቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና፣ "ድንጋዩ የከፋለ ካልሆነ ይቅርታ የጠየቀኝ ማን ነው?" አለች።

ሳቁ እዚያው ላይ ቀረ። ልጄ፣ ይህን ባለፈው አልነገርኩሽም፤ ነገር ይሆናል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። በእኛ ደብር በዳይ የሚሸከመው ድንጋይ ከገዛ ርስቱ መነሣት አለበት። ከወንዝ አይነሣም፣ ከመንገድ አይነሣም፣ ከጎረቤት ማሳም አይነሣም። የቆምኩበትን ምድር አንሥቼ በእጅሽ ሰጠሁሽ፣ ከእንግዲህ ፍረጂኝ ማለት ነው። በሌላ ሰው ድንጋይ የታረቀ አልታረቀም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ለሌላ ቀን አሳደሩት። የደግሰው አጎቶች ደግሞ በማግስቱ "እርቁ እንደገና ይታይልን" ማለት ጀምረዋል። ኢያቄም አመክሮው ታስቦለት በሚመጣው ክረምት ይፈታል። እርቁ ከፈረሰ ልጄን ከእስር ቤት በር ላይ ተቀብዬ ወዴት ልወስደው ነው?

እኔ እንደሆንኩ ይህ ነገር አይገባኝም። አያቴ ያን ካብ ሲክብ ድንጋዩን ከዚያው መሬት ነው ያነሣው። ከዚያ በፊት ከወዴት መጣህ ብሎ ድንጋይን የሚጠይቅ ማን ነው? ቢሆንም ለገለቴ እንዲህ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር ከበደኝ።

ማግኔቱን ሞክሬዋለሁ። ስባሪውም ይኸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተልኮልሻል። የሚነግርሽን እሱ ይንገርሽ። መልሱ ቶሎ ይድረሰኝ፤ የላስታ ድንጋይ ነው የሚል ከሆነ ደግሞ በትልልቁ ጻፊው፣ ማኅተም ካላችሁም ምቺበት። ወረቀቱን ቄስ አለሜ በሰው ፊት ያነቡታል።

በሄድሽበት ሞገስ ይሁንሽ።

አያ ከፋለ


በርን፣ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ከፋለ፤

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? በጤና ለፋሲካ ያድርስዎ። ይህ ፖስታ ሁለት ወረቀት አለው። የመጀመሪያው በሰው ፊት የሚነበበው ነው፤ እንዳዘዙኝ በትልልቁ ተጽፎ ማኅተም አርፎበታል። እንዲህ ይላል፦ "ከላስታ የተላከልን ስባሪ ተመርምሮ የዚያው የላስታ ምድር ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው።" ቃል በቃል እውነት ነው፤ ስለ ተላከው ስባሪ።

ይህ ሁለተኛው የእርስዎ ብቻ ነው።

አያ፣ የላኩልኝ ስባሪ ከዚያ ድንጋይ አይደለም። አንድም ነጭ ነገር የለበትም። ማግኔት ሲያይ ይዘላል። እርስዎም ማግኔቱን ሞከርኩት አሉኝ እንጂ ምን እንዳደረገ አልነገሩኝም። አልተቀየምኩም። ግን ደግሞ የፎቶው ድንጋይ አሁን ይበልጥ እንቅልፍ ነሣኝ።

ስለ እርቁ የጻፉልኝን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በጣም አዝናለሁ፤ ነገር ግን የድንጋይ ትውልድ ከሰው ይቅርታ ጋር ምን ያገናኘዋል? እትዬ ገለቴ አስተዋይ ሴት እንደሆኑ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ቢኖር ይገባቸዋል። ደግሞስ ያ ድንጋይ እውነትም ከጨረቃ ከሆነ ለደብሩ በረከት አይሆንም? እንግዳ ይመለሳል፤ እነሚኪ ሥራ ያገኛሉ። ጥፍር የምታህል ፍርፋሪ ትበቃኛለች። ከተፈነከተው ጎኑ ቢነሣ ማንም አያውቅም።

እባክዎ ያስቡበት።

አክባሪዎ ፀደይ


ላስታ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደይ፤

ጤና ይብዛልሽ። ወረቀትሽ ተነበበ። ገለቴ ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰችው፤ "እንግዲህ የራሱ ነው" አለችና ሄደች። አጎቶቿም፣ የደግሰውን አጎቶች ማለቴ ነው፣ አፋቸውን ያዙ። ወረቀቱን ቄስ አለሜ በዕቃ ቤቱ ሣጥን ቆልፈውበታል። ሁለተኛውን ወረቀት እኔ አቃጠልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።

አዎ፣ ስባሪው ከዚያ ድንጋይ አይደለም። ከጎኑ ከነበረው፣ ከዚያው ካብ ላይ ካለ ድንጋይ ነው የሰበርኩት። መጀመሪያ መዶሻ ይዤ ሄጄ ነበር። ከዚያ ገለቴ ከአንገቴ ያነሣችውን ድንጋይ በመዶሻ ልመታው ነው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ታውቂዋለሽ። ማግኔቱ ውልፍት አላለም ነበር።

ዋሸሁ። ለልጄ ስል ነው፤ ደግሞም ቢጠይቁኝ እዋሻለሁ። አንቺ እንጀራሽ ነው፣ አልፈርድብሽም። ግን ተይው፣ ልጄ። ድንጋዩ ወይራው ሥር ነው፤ እግር የለው፣ የትም አይሄድ። እኔ ልሙት፣ ኢያቄም ይረጋጋ፣ የነገሩ ትኩሳት ይብረድ። ያን ጊዜ መጥተሽ እንዳሻሽ አድርጊው። እስከዚያ ድረስ የምለምንሽ ይህንን ብቻ ነው።

ማርያም ትከተልሽ።

አያ ከፋለ


ላስታ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለቤቴ ደስታ ምክንያት ለፀደይ፤

እንኳን ለፍልሰታ ፍቺ አደረሰሽ! ሚኪ ሰሞኑን ስለሚሸሸኝ፣ ምን እንዳስቀየምኩትም አላውቅ፣ ይህን በአንድ ነጋዴ እጅ ነው የላክሁት። መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። መቼ እንደሚደርስሽ እንጃ፤ ይድረስሽ ብቻ።

ኢያቄም ተፈታ። ቤቱ ገባ!

ወልድያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ስንደርስ ገለቴ በሯ ላይ ቆማለች። ኢያቄም አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ጠራችው። ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ፤ "አዝኛለሁ፣ እናቴ" አላት። ምን ብትለው ጥሩ ነው? "ተነሣ። ስንዴዬን አረም በላው፣ የሚያርምልኝ የለም።" ይኸው ነው። በማግስቱ ሄዶ ሲያርምላት ዋለ። አሁን የእኛንም የእሷንም ማሳ እሱ ነው የሚይዘው። ትናንት እዚያ በልቶ መጣ። እናቱ ይህን ስትሰማ ማድቤት ገብታ ብቻዋን ስታለቅስ አገኘኋት።

ይህ ሁሉ የሆነው አንቺ በጻፍሽው ወረቀት ነው። ውሸቱ የኔ ነው፤ ቸርነቱ ያንቺ። ዝም ስላልሽልኝ አምላክ ይክፈልሽ። አንዳንድ ቀን ለገለቴ እውነቱን ልንገራት ይለኛል። ልጄ ስንዴዋን ሲያርም ውሎ ሲገባ ሳይ ደግሞ እተወዋለሁ።

ዕድሜሽ ይርዘም።

አያ ከፋለ


በርን፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ከፋለ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ከግንቦቱ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ደህና እንደሆኑ እየጸለይኩ ነው። ስለ ኢያቄምም ምንም አልሰማሁም። መቼ ነው የሚፈታው?

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንት ጊዜ ቀደድኩት። ልንገርዎትና ይውጣልኝ። በመጋቢት ለእርስዎ ስጽፍ ለሚኪም ጽፌ ነበር። ከድንጋዩ ሥር፣ ከማይታይ ቦታ፣ ትንሽ ፍርፋሪ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ለደብሩ ይጠቅማል አልኩት፤ አመነኝ። የእርስዎ የ"ተይው" ደብዳቤ የደረሰኝ ፍርፋሪው እጄ ከገባ በኋላ ነው። እንዲህ ስል ደግሞ ያመለጥኩ እንዳይመስልብኝ፤ መመለስ እችል ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከትቼው አንድ ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ቆረጥኩት።

ከጨረቃ ነው፣ አያ። የብረቱና የማንጋኒዙ ድርሻ የጨረቃ ነው። ነጩም እንደገመትኩት ነው። በአጉሊ መነጽሩ ደጋግሜ አየሁት። እንደ እርስዎ ድንጋይ ያለ ከእኛ ደጋ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ግኝቱ ይፋ ሆኗል። የእርስዎንም የእትዬ ገለቴንም ስም አላነሣሁም፤ ስለ እርቁም አንድ ቃል አልጻፍኩም። የደብሩ ስም ግን ግድ ነው፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጠራው በተገኘበት ቦታ ስም ነው። ፎቶውም አብሮ ወጥቷል። ውሌን አደሱልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል። እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ወሬው አይደርስም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ቢደርስስ?

ይቅር ይበሉኝ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ፀደይ


በርን፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ከፋለ፤

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ። የነሐሴው ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ዝም ስላልሽልኝ አምላክ ይክፈልሽ የሚለውን ሳነብ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምነው ይህ ደብዳቤ ሁለት ወር ቀድሞ በደረሰ! ኢያቄም ቤቱ መግባቱን፣ ስንዴ ማረሙን ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር። ይህን አምኜ ልናገር እፈልጋለሁ፤ እውነት መሆኑን ግን እኔም አላውቅም። የተነገረውን ለመመለስ ሞከርኩ፤ የማይቻል ነገር ነው፤ ብዙ ቦታ ተቀድቷል።

አንድ ነገር ግን አለኝ። ድንጋዩ መቼ እንደወደቀ የሚያሳይ ምርመራ አሠራሁ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሳይፈለፈሉ፣ በዚያ ምድር ላይ ይህ የእኔ ርስት ነው የሚል ሰው ሳይኖር እዚያ ተኝቶ ነበር። እርስዎ በጥር የጻፉልኝን አሁን ነው የገባኝ። ያንን ድንጋይ ከእናንተ ማሳ በቀር ማንም የኔ ሊለው አይችልም። ወሬው ከደረሰ ይህን ለእትዬ ገለቴ ያንብቡላቸው፤ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ ይበሉልኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው ይበሉ፣ እውነት ነውና።

ፀደይ


ላስታ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደይ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። ወሬው ግን ቀድሟቸው ነበር። ላሊበላ ስልክ የሚሠራበት ጥግ አይጠፋም፤ ልጆቹ ፎቶውን አይተው፣ አሳትመው፣ እየጨፈሩ መጡ። የደብራችን ስም ተጠራ ብለው ነው፤ ምን ያውቃሉ። የደግሰው አጎቶች ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብለው ቄስ አለሜ ዘንድ ሄዱ።

ወይራው ሥር ተሰበሰብን። ቄስ አለሜ ያንን ባለ ማኅተም ወረቀት ከሣጥኑ አውጥተው ከአዲሱ ጎን አስቀመጡት። በሁለቱም ላይ ያንቺ ስም አለ። "ከፋለ፣ የትኛው ነው?" አሉኝ። በግንቦት ቢጠይቁኝ እዋሻለሁ ብዬሽ አልነበር? ገለቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበርና አልቻልኩም። ስባሪውን ከሌላ ድንጋይ እንደወሰድኩ፣ ማግኔቱም እንዳልተነቃነቀ ሁሉንም ተናገርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልን ሰው ስናስታርቅበት ኖረናል፤ በራስ ሲመጣ ግን አይጣል ነው።

የኅዳሩ ደብዳቤሽ ሲደርስ ይዤላት ሄድኩ። ቤቷ አላስገባችኝም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ አነበብኩላት። ድንጋዩ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት እንደወደቀ፣ ከማሳችን በቀር ባለቤት እንደሌለው፣ አንዱንም ሳልዘል። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እንዲህ አለች፦

"ከፋለ፣ ያን ቀን ከጨረቃ ነው ብትለኝ አለቅስ ነበር። ሳምንትም ሁለት ሳምንትም አኮርፍህ ነበር። ከዚያ እለምደው ነበር። ልጄን አፈር አልብሼ የለመድኩ ሰው ድንጋይ መልመድ ያቅተኛል? አንተ ግን እውነቱን በሆድህ ይዘህ ዓይን ዓይኔን እያየህ ደጄ ተመላለስክ። እንግዲህ ኢያቄም አዝኛለሁ ያለኝ እውነቱን ይሁን ያንተን ዓይነት፣ በምን ልወቀው?"

አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን በቀስታ ነው የዘጋችው።

እኔ ገለቴን አላወቅኋትም፣ ልጄ። ከአንገቴ ድንጋይ ያነሣችልኝን ሴት እውነት አትችልም ብዬ ናቅኋት። አንቺ ጥፋቱ የእኔ ነው ትያለሽ፤ ያንቺውን አንቺ ያዢ፣ የኔን ግን አትውሰጂብኝ። ሚኪም መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ ነበር፤ አንሥቼዋለሁ። ውልሽ በመታደሱ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው።

የደግሰው አጎቶች እርቁ የለም ብለዋል። ከሽማግሌዎቹም ቀና ብሎ "አለ" የሚላቸው አልተገኘም። ኢያቄም የገለቴን ስንዴ ወቅቶ፣ ጎተራዋ ውስጥ አስገብቶ፣ ትናንት ማለዳ ከአገር ወጣ። እናቱ ቋጥራ የሰጠችውን ስንቅ ያዘ እንጂ ሌላ ነገር አልያዘም። እስከ መታጠፊያው ሸኘሁትና "ልጄ፣ ወዴት ነው የምትሄደው?" አልኩት።

"አልነግርህም፣ አባ" አለኝ። "ሲጠይቁህ መዋሸት እንዳይኖርብህ ነው።"

አያ ከፋለ